ዜና ዙረቱ ለመምህር ኑርሁሴን

በዘመነ ጡረታ፣ ርእሰ ሊቃውንተ እንግሊዝኛ፣ መዋዔ ሰዋስው መምህር ኑርሁሴን ጠመኔያቸውን ባኖሩ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የጦሳ ተራራ ጉም ከደሴ ጣሪያ ገና ሳይነሣ፣ ባለቤታቸው እመት ራቢያ፣ እመቤተ ቤት ወሥልጣን፣ ግቢውን እየጠረጉ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ሰው ሥራ ሲያጣ ዙረታም ይሆናል፤ ያለ ጉዳይ ከዚህ በር የሚወጣ እንዳላይ።»

ይህም አዋጅ መምህሩን አጥንታቸው ድረስ ተሰማቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለማንም የማይጠቅሙ መስሏቸው እንቅልፍ አጥተው ነበርና።

ወእምዝ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን፣ አንድ ቀን እንኳ ያልሠሩትን «ሶንተር» የተባለውን የእንግሊዝ ቃል በእግራቸው ሊፈጽሙ ቆረጡ። ትርጓሜው ያለ ጉዳይ በዝግታ መንሸራሸር ነው። ስለ ትውልዱ አንዳንዶች ወደ ቅድስት አገር፣ በፈረንሳይኛ «ሳንት ቴር»፣ እንሄዳለን እያሉ ምጽዋት ከሚለምኑ መንገደኞች ወረደ ይላሉ፤ የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ግን አባቱ አልታወቀም ብለው ትተውታል። መምህሩ ከመንገደኞቹ ወገን ቆሙ፤ ከሐጅ የሚዛመድን ዙረት ማን ይንቃል ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ።

ይሁን እንጂ የወሎ ሰው፣ ሽማግሌ ጋቢ ደርቦ፣ ባዶ እጁን፣ አንገቱን ደፍቶ ቀስ ሲል ካየ፣ ለቅሶ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ማን ሞተ ብሎ መንገድ ላይ መጠየቅም ነውር ነው። ስለዚህ ተከተሏቸው፦ ልብስ ሰፊው ሚስባህ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሀፊዝ ሳይነገረው መቅረቱ እያንገበገበው፣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላም የሰኞ ገበያ ባጃጆች መብራት አብርተው።

መምህሩም ሕዝቡን ባዩ ጊዜ ዛሬስ ለቅሶ አለ አሉ፤ የማን እንደሆነ መጠየቅ አፍረው፣ ዙረታቸው ጉዳይ እንዳይሆንባቸው ወደ ቤታቸው ታጠፉ። ሕዝቡም ታጠፈ። ሀፊዝ አቅጣጫውን አይቶ፣ ኀዘኑ በመምህሩ ቤት ነው ብሎ ኮምቦልቻ ላሉት ዘመዶቻቸው ደወለ፤ እነርሱም ሚኒባስ ሞልተው የሐረጎን ዳገት እያለቀሱ ወጡ። መምህሩ እንደ ቃሉ ሥርዓት በየአጥሩ ጥግ እየቆሙ ያዘግሙ ስለነበር፣ ሚኒባሱም ሕዝቡም ቀድመዋቸው ከበሩ ደረሱ።

እመት ራቢያ በሩን ከፈቱ። ከሚያለቅሰው ሕዝብ መካከል ባላቸውን አጡ፤ መጥረጊያውም ከእጃቸው ወደቀ። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው እየሰማ እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ያ አላህ፣ ለጉዳይ መች ፈለግሁት! ማታ ማታ ቤት እንዲገባልኝ ነበር እንጂ የምፈልገው።»

መምህሩ ከሕዝቡ ኋላ ቆመው ይህን ሰሙ፤ ወደፊት ለመምጣትም ጥቂት ዘገዩ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበርና። ከታዩም በኋላ የሆነውን ለቅሶና ሳቅ፣ ጸሐፊው ሊለያየው አልቻለም። የመጣ ሕዝብ ባዶ አይመለስምና ቤት ያፈራው ሁሉ ቀረበ።

ክብር ለመምህር ኑርሁሴን፣ ለመዋዔ ሰዋስው፣ ነገሥታት በሠራዊት ብዛት ያላገኙትን በዝግታ ላገኙት፤ በቁማቸው ተለቅሶላቸው፣ የለቅሷቸውን ንፍሮ ራሳቸው ቆርጥመዋልና።