እትዬ ከሥሩስ እና የነጣው ኮራል

በየመሥሪያ ቤቱና በየዘመዱ፣ ላይ ላዩን አይቶ «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ የማይሆንለት ሰው አይጠፋም። ሶፋ ሊገዛ ሄዶ መጀመሪያ የሚገለብጠው፣ አዲስ ቤት እንዲያይ ተጋብዞ የዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚያጎነብሰው እሱ ነው። የእኛዋ፣ ክብርት እትዬ ከሥሩስ፣ የዚህ ወገን ሊቀመንበር ናቸው።

ሥራችን የባሕር ውስጥ ካርታ ነው። ጠልቀን ኮራሉን በፎቶ እናነሳለን፤ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ገጣጥሞ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለው ምስል ያወጣል። የዓመት ዓመቱን እያስተያየን የአየር ንብረት ለውጥ ባሕሩን ምን እንዳደረገው እናጠናለን። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየበት ይሞታል።

እትዬ የጠላቂዎቹ አለቃ ናቸው። ውሃዬን እያንጠባጠብኩ ጀልባው ላይ ስወጣ፣ ገና መነጽሬን ሳላወልቅ ይጀምራሉ።

«ከሥሩስ?»

«አንስቻለሁ እትዬ።»

«ከላይ ነዋ! ጣሪያውን አንስተህ ቤቱን አነሳሁ ትለኛለህ? በል ተመለስ ልጄ።»

ተመልሼ እንደ መኪና ጠጋኝ በጀርባዬ ተንጋልዬ ኮራሉ ሥር እገባለሁ። አንዴ አንድ ዓሣ በቁጣ አፈጠጠብኝ፤ ምን ያድርግ፣ ሳልጠራ ጓዳው ገብቼ!

ለእትዬ ባሕርና የብስ አንድ ነው። ባለቤቴ አዲሱን ጠረጴዛችንን ብታሳያቸው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ወዲያው ተንበረከኩ። ከሥሩ ሲወጡ፣ «ብሎኑ ላልቷል» አሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ቅድመ አያታቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ዘንድሮ ባሕሩ ሞቀና ኮራሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጣ። ኮራሉ አጠገብ ያለውን ወደብ ማስፋት የሚፈልጉት ሰዎች ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ ይዘው «ይሄማ ሞቷል፤ ይቆፈር» አሉ። ውሳኔ ሊሰጥ ስብሰባ ተጠራ። እኔ በልቤ ቀብሬዋለሁ። እትዬ ግን እንደ ልማዳቸው ከሥሩ ላኩኝ፤ ጨለማ ስለነበር እየዳሰስኩ ካሜራዬን ብቻ አብለጨለጭኩና ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ገጣጥሞ የጨረሰው የስብሰባው ዕለት ጠዋት ነው።

«ክፈተው» አሉኝ እትዬ፣ ሰው ሁሉ ፊት። ነጩ ኮራል በትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ገልብጠው።»

ገለበጥኩት። ጥላው ከጋረደው በኩል ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፤ ሕይወት ያለው! ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉና ደጋግመው አዩት። ቁፋሮው ታገደ።

ደረጃውን ስንወርድ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ እንዳልሞተ በምን አወቁ?»

«የት አውቄ! እኔም ሞቷል ብዬ ነበር።» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ግን ልጄ፣ ሳያዩት ይቀበራል?»

እሳቸውን የሰጠን አምላክ ይመስገን ብዬ እዚያው ደረጃው ላይ አቀፍኳቸው።