የፍርስራሽ ባላምባራስ

ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ሰው ያለበት መንደር ሌላ ወሬ አያስፈልገውም። ልብሱ ያልቃል፣ ጫማው ይቀደዳል፤ ያየው አገር ግን አያልቅም። ሶዶ ላይ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት በሃያዎቹ ዓመታት ይህ ዕጣ የደረሰው ለአንጁሎ ዘመዶች ነበር፤ ከዘመዶቹም ሁሉ ይልቅ ለአጎቱ ለቦልቴ።

አንጁሎን በዱቦ የሰፈሩት ሚሲዮኖች ፊደል አስቆጥረው ለትምህርት እስክንድርያ ላኩት። እዚያም አስተማሪዎቹ ተማሪዎቻቸውን በመርከብ አሳፍረው የጥንት ከተሞችን ፍርስራሽ አስጎበኟቸው፤ አቴናን፣ ሮምን፣ የግብፅን መቃብሮች። ልጁ የሄደው ሊማር ነበር። ሲመለስ ግን የዓለሙን ፍርስራሽ ሁሉ በአፉ ተሸክሞ መጣ። ቦልቴም ማዕረግ ሰጠው፤ "የፍርስራሽ ባላምባራስ"።

ባላምባራስ አንጁሎ "ይቺ ምን አላት፤ አቴናን ብታዩ" ሳይል የዋለበት ቀን የለም። የእትዬ ፋንታዬ ሱቅ ግድግዳ በክረምት ዝናብ የተናደ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ጭቃ ሊያቦካ ሲሮጥ፣ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፍርስራሹን ዞረው።

"እትዬ፣ ባይነኩት ይሻላል። ሮም ቢሆን ይህን ለማየት ሰው መርከብ ይሳፈራል።"

"እንግዲያው መርከቡ እስኪመጣ ጭቃ አቀብለኝ" አሉት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የጎረቤት ቤት ሲሠራ ወንዶቹ ዋናውን ምሰሶ ተሸክመው ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሰው ነበር። ከፊት የነበረው አንጁሎ ድንገት ቆመ። የአቴና ምሰሶ እንደኛ አንድ ወጥ ግንድ እንዳልሆነ፣ ክብ ክብ ድንጋይ አንዱ ባንዱ ላይ እየተጫነ እንደሚቆም ያስረዳ ጀመር። የግንዱ ግማሽ ክብደት ያረፈው ቦልቴ ትከሻ ላይ ነበር።

"አንተ ልጅ" አለ ቦልቴ እያቃሰተ፤ "አቴና አንዴ ወድቃለች። እኛ ገና ልንወድቅ ነው።"

ታዲያ ይህ ሰው የኤርካሎን ልጅ አሳየሽን ወደደ። ወደደ ማለት እንኳ አይበቃም፤ እሷን ካጣ ወደ መርከቡ ይመለሳል እየተባለ እናቱ ታለቅስ ነበር። ኤርካሎ ደግሞ ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰፊ የእንሰት ጓሮ ያለው፣ ቃሉን መዝኖ የሚያወጣ ሰው ነው። ቦልቴ መጀመሪያ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ "ልጄን ለምላስ አልድርም" ብሎ መለሰው። ሁለተኛ ሲሄድ፣

"ልጁን ይዘኸው ና" አለ። "ማዕድ ቀርቦ እስኪነሳ ድረስ አፉን ለመብል ብቻ ከከፈተ እሰጠዋለሁ። አንዲት ቃል ከተነፈሰ ግን ደጄን አትርገጡ።"

በመንገድ ላይ ቦልቴ አስጠነቀቀው።

"ዝም እላለሁ፣ አጎቴ" አለ አንጁሎ። "ግብፅ ውስጥ አንድ የድንጋይ አንበሳ አለ፤ ራሱ የሰው ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ዝም እንዳለ..."

"ጀመርክ።"

የተቀቀለ ጎደሬ፣ ቦይናው፣ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ቀረበ። ኤርካሎ ተንኮሉን ያውቅበታል።

"የበረቴ ግንብ ፈረሰብኝ" አለ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። "ምን ዓይነት ድንጋይ ይሻለው ይሆን?"

አንጁሎ ዳጣውን ዝቆ ጎረሰ፤ እንባው ወረደ፤ ቃል ግን አልወጣም።

"ለነገሩ" አለ ኤርካሎ፣ "ይህ ልጅ ባሕር ተሻግሮ አየሁ የሚለው ድንጋይ ነው። እሱም ካየ ነው። ማን አብሮት ነበር?"

ቦልቴ ልጁን ሲያሽሟጥጥበት ነው የሚውለው። ነገር ግን የዘመድ ሽሙጥ ሌላ፣ የባዳ ሌላ። ጉርሻውን አስቀመጠ።

"ስማኝ፣ ወንድሜ ኤርካሎ" አለና እጆቹን ልክ እንደ አንጁሎ ዘረጋ። "ተራራው አናት ላይ ምሰሶዎች ቆመዋል። ጣሪያ የላቸውም፤ የተሸከሙት ሰማዩን ነው። ከሥራቸው አንገቱ የተቀላ ንጉሥ አለ። ልብሱ ድንጋይ ሆኖ ሳለ ነፋስ ያነሣው ይመስላል።"

አንጁሎ ዓይኑን ጨፈነ። ንጉሥ አልነበረም። ሌላ ዳጣ ጎረሰ።

"ሴት ናት እንጂ" አለ አንድ ድምፅ ቤቱን ለሁለት ከሚከፍለው የቀርከሃ ግርዶሽ ጀርባ፣ ከላሞቹ በኩል። "እጅም የላት።"

የሚያመነዥጉት ላሞች ብቻ ይሰማሉ።

"አሳየሽ" አለ ኤርካሎ ቀስ ብሎ። "አንቺ ከየት ሰማሽው?"

"ሻንቶ ገበያ ሲሄድ በአጥራችን በኩል እያወራ ነው የሚያልፈው።"

"ለማን?"

"መጀመሪያ ለአህያው ነበር" አለች። "ኋላ ግን ድምፁን ጨመረ።"

አንጁሎ ከዳጣው ይበልጥ ቀላ። ኤርካሎ የቀረውን ቦይና ገመሰና ግማሹን ለቦልቴ ሰጠው።

"ልጁስ ቃሉን ጠበቀ" አለ። "ዝም ማለት ያቃተው የእኔው ቤት ነው። ቀን ቁረጡ።"

ወጥተው ወደ ዳሞታ ተራራ ፊታቸውን አዞሩ። "በል፣ አሁን ማውራት ትችላለህ" አለ ቦልቴ። አንጁሎ ፈገግ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ወንዙን ተሻገሩ፤ ዝም። ዳገቱን ጀመሩ፤ ዝም። ይህ ዳገት ያለ ወሬ እንዲህ እንደሚረዝም ቦልቴ ረስቶት ኖሯል። ሳለ። እንደገና ሳለ።

"ስማ እንጂ፣ ባላምባራስ" አለ በመጨረሻ። "ያቺ አንገት የሌላት ሴትዮ፣ ፊቷን ወዴት አዙራ ነበር የቆመችው?"