ያልተፈተነ የማይገባበት ቤት

እግዜር ለየከተማው አንድ ጸበል፣ አንድ ለፍላፊና አንድ ሳይፈትን የማያምን ሰው ሰጥቷል። ለቢቸና የደረሷት ጎረቤቴ አቶ ስጦታው ናቸው።

ዕድሜ ልካቸውን በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሰው ደም ሲመረምሩ ኖረዋል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ አመላቸው አብሯቸው አልወጣም። ገበያ ወጥተው ማር ይቀምሳሉ፣ ያሸታሉ፣ በጣታቸው ያንጠባጥባሉ፤ ከዚያ «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር» ብለው ወደ ሌላው ሻጭ ያልፋሉ። ባጃጅ ሲሳፈሩ የገዛ ቤታቸውን መንገድ ሹፌሩን ይጠይቁታል፤ ከሳተ ይወርዳሉ።

አሁን ፈተናቸው የዞረው በቼዝ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። ክቡር መርማሪው ለየፕሮግራሙ አስቸጋሪ የቼዝ አቀማመጥ እየሰጡ የትኛው ትክክለኛውን እርምጃ እንደሚያገኝ ያያሉ። ማሽኑ ቢመልስም አይቀበሉም። «ለሽማግሌ እንኳ በመጀመሪያው ቀን ልጅ አይሰጥም!» ይሉና አጥፍተው፣ አብርተው፣ እንደ አዲስ ይጠይቁታል። መሀል ላይ መብራት ከሄደም ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው። «ጥያቄው ሲከብደው አመለጠ» ይላሉ።

አንዱን ፕሮግራም ግን ብዙ ፈትነው አመኑት። ካመኑት ወዲህ እሱን የሚያማ ሰው በደጃቸው አያልፍም።

ሞጣ ውስጥ ደግሞ ፋንታ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ አለ። ያንኑ ፈተና በራሱ ኮምፒዩተር እየሞከረ ውጤቱን በስልክ ከአቶ ስጦታው ጋር ያስተያያል። ያገናኘቻቸው እዚያው ሞጣ የምታስተምረው ልጃቸው አርሴማ ናት። እሷና ፋንታ መዋደዳቸውን፣ እኛ እንደመሰለን፣ ከአባቷ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆረጠ፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆንኩ።

በዚያው ሰሞን አቶ ስጦታው አንድ አቀማመጥ ወደ ሞጣ ላኩ። ነጭ በጠጠር ብዛት ይበልጣል፤ የጥቁር ንጉሥ ግን ከተቆላለፉ ወታደሮች ጀርባ ተደላድሎ ተቀምጧል። የተወደደው ፕሮግራም «ነጭ ያሸንፋል» ብሏል። አርሴማ ፋንታን «እባክህ፣ ሽማግሌ እስኪገባ እንኳ የሚሉትን እሺ በላቸው» ብላ ለመነችው።

ፋንታ ሲደውል እኔ እዚያው ሳሎን ነበርኩ። አቶ ስጦታው እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ለቀቁት።

«ጋሼ፣ የኔም ማሽን ነጭ ያሸንፋል ይላል።»

«አላልኩህም!»

«ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። ጠጠር ቆጥረው ነው እንጂ ነጭ የሚገባበት በር የለውም። እስከ ፋሲካ ቢጫወቱት አቻ ነው።»

«የኔ ፕሮግራም ተሳሳተ ነው የምትለኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ አዎ።»

ስልኩን ጠረቀሙት። አርሴማ አንጀቴን በላችኝ፤ ነገሩ ከዚህ በኋላ ይሳካል ብዬ አላሰብኩም።

ሽማግሌ የገባን ዕለት «ተቀመጡ» ብንባልም እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ታላቃችን ቆመው የፋንታን ስም ጠሩ። አቶ ስጦታው መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን፣ ቀጥለው እኛን አዩ።

«ነጭን ይዤ ሳምንቱን ሙሉ በር ፈለግሁ» አሉ። «የለም። ልጁ ልክ ነው።»

ከዚያ ወደ ታላቃችን ዞሩ።

«አርሴማን እንደሚፈልጋት ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ አባት ዕውር መሰላችሁ? እኔን ደስ ማሰኘት በሚጠቅመው ሰዓት ያልዋሸኝ ሰው እሷን አይዋሻትም። ሰጥቻለሁ። በሉ አሁን ተቀመጡ!»

ታላቃችን ለብዙ ምልልስ ያዘጋጁት ንግግር አፋቸው ውስጥ ቀረ። ለዚሁ ቀን ከሞጣ የመጣችው አርሴማ ከጓዳ እልል አለች፤ ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ገና አምስተኛ ክፍል ያለችውን ልጄን አሰብኩ። ለአቶ ስጦታው ዕድሜ ይስጥልኝ፤ የእሷን ጠያቂ እሳቸው ሳይመረምሩት ከቤቴ አላስገባም።