ሚስተር ታከት በግንድ ጎጆ ስለመወለዳቸው የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1888፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ሃርሎ ከተማ፣ ኦሃዮ፤ የታከት ቤተሰብ የጡብ ቤት፣ ምግብ ክፍል።

የተገኙ፦ ሚስተር ላይማን ታከት (የ«ሃርሎ መለከት» ጋዜጣ ባለቤት፣ የአገረ ገዥነት ዕጩና ሰብሳቢ)፣ ሚስተር ኤሞስ ፍሊት (አርታኢ)፣ ሚስተር ዊልበር ስቶክ (አናጢ)። ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ ሳይለስ ፔል፣ የጋዜጣው ማተሚያ ፊደል ለቃሚ፣ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው።

ከምርጫ ኮሚቴው ሰባት አባላት አራቱ ፈረስ ገበያ ስለሄዱ ምልዓተ ጉባኤው በአንድ ሰው ጎደለ። ስለዚህ የሰብሳቢው እናት፣ የ81 ዓመቷ ሚሲስ ኬዛያ ታከት፣ ከኩሽና ተጠርተው አባል ሆኑ። ሴትነታቸው ለዛሬ ብቻ እንዳይታይ ተወሰነ።

አጀንዳ 1፦ ነገ የሚታተመው የዕጩው የሕይወት ታሪክ

ሚስተር ፍሊት በግንድ ጎጆ ያልተወለደን ዕጩ ገበሬው እንደማይመርጥ አስረዱ። ሚሲስ ታከት «እዚሁ ፎቅ ላይ፣ በላባ ፍራሽ ነው የወለድኩት! ሐኪሞቹም ሁለት ነበሩ» ሲሉ ተቃወሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ ዕጩው በግንድ ጎጆ እንዲወለዱ፣ ጎጆውም ጓሮ ከተከመረው ግንድ እስከ ሐሙስ እንዲሠራ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ሚስተር ስቶክ ጎጆውን ለማስረጀት አንድ ቀን እንዲጨመርላቸው ጠየቁ፤ ተፈቀደ።

አጀንዳ 2፦ ሚሲስ ታከት

የተቀናቃኙ ጋዜጣ ዘጋቢ መጥቶ ቢጠይቃቸው ምን ይላሉ የሚል ሥጋት ተነሣ። «እውነቱን ነዋ!» አሉ። ሚስተር ፍሊት የሙት ልጅ መሆን የመራጭ ድምፅ ስለሚስብ፣ ዕጩው ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ እናትየው እንዲሞቱ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው «እማዬ፣ በወረቀት ላይ ብቻ እኮ ነው» ቢሉ፣ «አንተ ውለታ ቢስ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህ በወረቀት ላይ ነው?» ተባሉ። ሚሲስ ታከት በሦስት ድምፅ ሞቱ።

ሟች የፖም ኬካቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው «የሞተ ሰው አባል አይሆንም» ሲሉ ቆሙ። ሚስተር ፍሊት በዚህ ወረዳ ሙታን ድምፅ ሲሰጡ የመጀመሪያው እንዳልሆነ አስታወሱ። ሟች «እነሱ ይምረጡት፤ እኔ ከመቃብርም አልመርጠውም!» ብለው በሩን ወርውረው ወጡ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ምልዓተ ጉባኤው መጉደሉን፣ ያለ እሳቸውም ምንም ሊጸድቅ እንደማይችል አሳወቀ። ሰብሳቢው «አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉ። ሆኖም ኩሽና በር ላይ ለግማሽ ሰዓት ቆመው እናታቸውን ለመኑ። ሚሲስ ታከት የተመለሱት በሕይወት መኖራቸው ተጽፎ፣ ተፈርሞ ሲሰጣቸው ነው።

ካልሆነ ተመልሰው እንደሚወጡ አስጠንቅቀው ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ዕጩው እዚሁ ፎቅ ላይ እንዲወለዱ፣ ግንዱንም ለእናታቸው ምድጃ ራሳቸው እንዲፈልጡ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ስብሰባው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። ሚስተር ፍሊት «ዕጩው በገዛ እጃቸው እንጨት ሲፈልጡ» ብለው ለነገው ጋዜጣ መጻፍ ሲጀምሩ፣ ሚሲስ ታከት ብዕሩን ተቀብለው መጥረቢያ ሰጧቸው።