ከሆድ የወጣው ስብ

ሰውነቱን ሐኪም ጠርቦ እንዲሰጠው የሚሻ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነኝና ገጥሞኛል፤ ታክቶኛልም።

ደንበኛዬ እትዬ ብርቄ አዲስ አበባ ሄደው የሆዳቸውን ስብ በቀዶ ሕክምና አስወጡ። ሲመለሱ ወገባቸው እውነትም ቀጥኗል። ለልጃቸው ሠርግ የሚለብሱትን ቀሚስ በአዲሱ ልክ ሰፋሁላቸው።

"ከእንግዲህ እንዳሻኝ እበላለሁ፤ ስቡ ከነሥሩ ወጥቷል" አሉኝ። ጎረቤት ለመሄድ እንኳ ባጃጅ መጥራት ጀመሩ።

ከስድስት ወር በኋላ፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቀሚሱን ሊሞክሩት መጡ። ወገቡ ደህና ነው። እጅጌው ግን ክንዳቸው ላይ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ጀርባውም አልዘጋ አለ።

"አጥብበኸው ነው!" ብለው ጮኹብኝ።

"እኔ አልነካሁትም እትዬ። ሐኪሙ ምን ብሎዎት ነበር?"

ድምፃቸው ሰለለ። "ካልተንቀሳቀሱ ስቡ በሌላ ቦታ ይመጣል፤ ጡንቻ ደግሞ እኔ አልሰጥዎትም አለኝ። ምን ላድርግ? ልጄ በሠርጓ ቀን በእናቷ እንዳታፍር ብዬ ነው እኮ ያስወጣሁት።"

አሳዘኑኝ። እጅጌውን ተርትሬ ጨርቅ ልጨምር ስቀመጥ መስታወቱ ፊት ቆመው ክንዳቸውን ቆነጠጡ።

"የክንድም የሚያወጡ አሉ ይባላል፤ እውነት ነው?"

ለሚቀጥለው ብዬ በአንገቱ በኩልም ትርፍ ጨርቅ ትቼ ሰፋሁት።