እማማ ሶፊያ በየት በኩል ይግቡ?

ሰው ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ መልሱ እንደ ጠያቂው ነው። ኦስሎ ውስጥ ኖርዌጂያኑ ጎረቤቴ ከየት ነህ ሲለኝ ከኢትዮጵያ እለዋለሁ፤ "ያ፣ ያ፣ ሙቀት አገር" ብሎ ራሱን ይነቀንቅና በረዶውን ወደ መዛቁ ይመለሳል። ተገላገልን። አበሻ ሲጠይቀኝ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቀኝም። ኢትዮጵያዊነቴንማ ፊቴ ተናግሯል። ወሎ ስለው ወሎ የት ይለኛል፣ ደሴ ስለው ከተማው ነው ዙሪያው ይለኛል፣ አባትህስ ይላል፣ የአባትህ አባትስ ይላል። በመጨረሻ አያቴ ገብሬ፣ አባቴ ሰይድ፣ አጎቴ ደግሞ ዲያቆን እንደነበሩ ሲሰማ ግራ ይጋባና ይተወኛል። ወሎ መወለድ ጥቅሙ ይኼ ነው፤ ጠያቂ ያደክማል።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ አርበንን እስካውቀው ድረስ። አርበን አልባኒያዊ ነው። እንደኔው የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ ፉሩሴት የሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ ደረጃ የምንወጣ የምንወርድ ጎረቤታሞች ነን። ታላቅ ወንድሙ ኮስታ ቀለም ቀቢ ነው፤ የሚኖረው ከተማዋን ተሻግሮ፣ የባቡሩ መስመር የሚያልቅበት ሞርተንሩድ ነው። ሁለቱ ከአንድ እናትና ከአንድ አባት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ኮስታ ግን ግሪክ ነኝ ይላል። አርበን አልባኒያዊ ነኝ ይላል። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ አርበን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደራቸው ያለችው አልባኒያ ከግሪክ በምትዋሰንበት ተራራ ወገብ ላይ ነው። ስሟን አልነግራችሁም። ሁለት ስም አላት፤ በአንደኛው ብጠራት ኮስታ ይቀየመኛል፣ በሌላኛው ብጠራት አርበን፤ ስለዚህ መንደሯ እያልኩ ልቀጥል። በቱርክ ዘመን ሰዎቿ በግ እያረቡ፣ በበቅሎ እየነገዱ፣ ማንም ምንድን ናችሁ ሳይላቸው ኖሩ። ኋላ ካርታ የያዙ የሩቅ አገር ሰዎች መጡና ድንበር አሰመሩ፤ መስመሩ መንደሯን እዚህ፣ የበጋ ግጦሿን እዚያ ማዶ አደረገው። በጎቹ የነገራቸው ስለሌለ እንደ ልማዳቸው ተሻገሩ። የታሰሩት እረኞቹ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የመንደሯን ማንነት አጣሪው በዛ። ከግሪክ አንድ ምሁር መጥቶ የነኮስታን አያት "እናንተኮ ግሪኮች ናችሁ አይደል?" አላት። "አዎ ልጄ" አለችና አይብና ዳቦ አቀረበችለት። ከአልባኒያ ዋና ከተማ ከቲራና ሌላው መጥቶ አልባኒያውያን ናችሁ አላት፤ "አዎ ልጄ።" ሦስተኛው መጥቶ ሁለቱም ተሳስተዋል፣ እናንተ ቭላክ የሚባሉት የጥንት እረኞች ዘር ናችሁ ቢላት ለእሱም አዎ ልጄ። ከደጅ የመጣን እንግዳ ማሳፈር ነውር ነዋ! ሦስቱም አይቡን በልተው፣ ሦስቱም መጽሐፍ ጽፈዋል ይባላል።

የወንድማማቾቹ ስምም ቢሆን የዘመን ሥራ ነው። ኮስታ ሲወለድ አባቱ ደስ ያለውን የቅዱስ ስም አወጣለት። አርበን ሲወለድ ግን መንግሥት ቤተክርስቲያኑን ዘግቶ የበቆሎ መጋዘን አድርጎታል፣ የቅዱሳን ስም ክልክል ሆኗል፤ እንደኛ ቀበሌ ያለው ጽሕፈት ቤት ከፈቀደው ስም አንዱ ተሰጠው። ሥርዓቱ ወድቆ ድንበሩ ሲከፈት የመንደሯ ጎልማሳ ሁሉ ሥራ ፍለጋ ተራራውን ተሻገረ። ማዶ ያሉት ዘበኞች ግሪክ ነህ ብለው ይጠይቃሉ፤ ኮስታ የሚባል ሰው ደግሞ ሌላ ምን ይበል? ወረቀት አገኘ፣ ሥራ አገኘ፣ ውሎ አድሮም ያለውን ነገር ራሱ አመነው። አርበንን ስሙ አላሳልፍ አለው። ተመልሶ በአገሩ ወታደር ሆነ፣ ኋላ እዚህ መጣ። የግሪክ ኑሮ የከፋ ጊዜ ኮስታም እንጀራ ፍለጋ ኦስሎ ገባና ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሁለቱም ባልተወለዱበት ከተማ፣ ስለተወለዱበት መንደር ተኳረፉ።

እናታቸው እማማ ሶፊያ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አርበንን ለአንድ ክረምት ሊጠይቁ መጥተው በዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። አንድ ዓመት በጋው ሲያልቅ እግራቸው ከዳቸው፣ ትንፋሽም ያጥራቸው ጀመር። ልጆቻቸውን በየተራ ጠርተው፣ በቃኝ፣ አገሬ አስገቡኝ፣ የምሞተው አልጋዬ ላይ ነው አሏቸው። ጊዜም አልነበረም። የመንደሯን መንገድ በረዶ ከዘጋው እስከ ፀደይ አይከፈትም፣ ሴትየዋ ደግሞ ፀደይን ስለማየታቸው እርግጠኛ አልነበሩም። ልጆቹ ሁለቱም እሺ አሉ። ጠቡ የመጣው በየት በኩል ይግቡ የሚለው ላይ ነው።

መንደሯ በሁለት በኩል ትገባለች። ኮስታ ወደ ግሪክ በርረን፣ በአውቶቡስ ተራራውን ወጥተን፣ በትንሿ ኬላ ተሻግረን እናግባቸው፤ አጭሩም ያ ነው፣ የወገኖቻቸው በርም ያ ነው አለ። አርበን ደግሞ እናቴ ወደ ገዛ ቤቷ ፓስፖርት እያሳየች እንደ ባዕድ አትገባም፣ በቲራና ነው የምትሄደው አለ። አንዱ ሌላው ባለው መንገድ ከሄደች እንኳን ላደርሳት አልሸኛትም ይላል። እማማ በበኩላቸው ሁለታችሁም ካላደረሳችሁኝ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አልልም አሉ። ሻንጣቸው ተዘግቶ በር ሥር ተቀመጠ፣ የአርበን ሚስትም በየቀኑ አቧራውን ትጠርግለታለች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሚስቴ ሰዓዳ ናት። እሷና እማማ ሶፊያ ወዳጅነታቸው በቅጠል የተጀመረ ነው። ሁለቱም ከሕንፃችን ጀርባ ካለው ጫካ ለምለም ለምለሙን ቅጠል ሲለቅሙ ተገናኙ፤ አንዷ ለጎመን፣ አንዷ በሊጥ መሃል ለሚጋገር የቅጠል ዳቦ። የጋራ ቋንቋቸው ጥቂት የተሰባበረ የኖርዌይ ቋንቋና ብዙ የእጅ ምልክት ነው። ሰዓዳ አሮጊቷ እያለቀሱ ነው ስትለኝ የወሎ ደሜ ፈላ። ይኼማ የሽማግሌ ሥራ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች። አለመቃወሟን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

ሁለት ሰዎች አማከርኩ። አንዱ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ፣ ኦስሎ ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፣ ካስታረቋቸው መሃል አብረው ያሉም አሉ። ሌላው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፣ ሲያስታርቁ ብዙ አይናገሩም፣ ግርማቸው ግን ይከብዳል። እኔ ሦስተኛ ሆንኩ። "የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ" የሚለው ተረት ለአፍታ ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ድንበር ያጣላውን ሰው ድንበር ካጣላው ሰው በላይ ማን ያስታርቃል ብዬ ተውኩት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አርበን ቤት ተሰየምን። ኮስታም ለእናቱ ሲል ከሞርተንሩድ መጣ፤ ወንድማማቾቹ በሶፋው ሁለት ጫፍ ተቀመጡ። እማማ ሶፊያ ትልቅ የቅጠል ዳቦ ከምድጃ አውጥተው አቀረቡልን፤ ያ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ጋሽ ታደሰ በወጉ መሠረት እጃቸውን አንስተው፣ ልጆችዎ እሺ ሳይሉ እህል አንቀምስም አሉ። እንደምታውቁት ይኼ የሽማግሌ ትልቁ መሣሪያ ነው፤ ባለቤቱ እንግዳው ጦሙን እንዳይወጣ ሲል ይረታል። ያላወቅነው ነገር በእነሱ ተራራ የቀረበለትን ዳቦ የማይበላ እንግዳ ደመኛ ብቻ መሆኑን ነው። እማማ ሶፊያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኮስታና አርበን ከሁለቱ ጫፍ እኩል ተነሱና እናታችንን በቤቷ አዋረዳችሁ ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹብን።

ጋሽ ታደሰ ወደኔ ጠጋ ብለው በአማርኛ፣ "አየህ፣ መስማማት ጀመሩ" አሉኝ።

በላን። ሐጂ ኑሩማ ደገሙ። ከበላን በኋላ ግን መሣሪያ አልነበረንምና ጋሽ ታደሰ ወደ ሁለተኛው ብልሃት ገቡ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ፤ እስቲ ከመነሻው ንገሩን አሏቸው። ባይሏቸው ምን ነበረበት! ኖርዌጂያን አስታራቂ ቢሆን የትኛው ቀን ይመቻችኋል ብሎ ይጀምር ነበር። እኛ ከሥሩ አልን፣ ሥሩም ቱርክ ዘመን ሆኖ ተገኘ። ኮስታ ከጥንቱ ቤተክርስቲያን ጀመረ፣ አርበን ከቤተክርስቲያኑ በፊት ከነበሩት ሰዎች። አንዱ ንጉሥ ሲጠራ ሌላው ውል ይጠራል፣ አንዱ አጥንት ሲቆጥር ሌላው ድንጋይ ይቆጥራል። ገና ካርታ የያዙት ሰዎች ጋ ሳንደርስ መሸና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሮ ያዝን።

በሁለተኛው ቅዳሜ ድንበሩ ተሰመረ። በሦስተኛው ቤተክርስቲያኑ ተዘጋ። ወደ አራተኛው ስንደርስ እውነቱን ለመናገር ነገሩ ጥሞን ነበር፤ ሐጂ ኑሩ እንኳ ሥራቸውን እየተዉ ይመጣሉ። ስንለያይ ደረጃው ላይ ጋሽ ታደሰ ለኮስታ ያደላሉ፣ ሐጂ ኑሩ ለአርበን፣ እኔ ቭላክ ናቸው የሚለው ሦስተኛው ምሁር ነው ያሳመነኝ። እማማ ሶፊያ በሁሉም ቅዳሜ ዳቦ ጋግረው አቀረቡልን፣ ከሁሉም ቅዳሜ በአንዱም እሳቸውን አልጠየቅናቸውም። ደጅ ላይ የዛፉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ረገፈ።

የሚገርማችሁ፣ እሳቸው ስለዚያች መንደር የሚሉትን የሰማሁት ከሰዓዳ ነው። እማማ አንድ ታናሽ እህት ነበሯቸው፤ ድንበሩ ሳይዘጋ ማዶ ካለው መንደር ተድረው ሄዱ፣ ሽቦው ሲዘረጋ በዚያው ቀሩ። ከደጃፍ ሆነው ሲያዩት የእህታቸው ቤት ጭስ ይታያል፣ መሻገር ግን ሞት ነው። እህትየው ጠዋት ጠዋት ቀይ ብርድ ልብስ በረንዳ ላይ ያሰጡ ነበር። አለሁ ለማለት ነው። እማማም ከአልጋቸው እንደተነሱ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ተያዩ። እህትየው ዛሬ የሉም፣ በረንዳው ግን አለ። አሮጊቷ የሚፈልጉት ያን በረንዳ ከሚያሳያቸው አልጋ ላይ መሞት ነው። ይህን ስሰማ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንስቼ ጉባኤው ይወያይበታል አልኳት። ሰዓዳ የመጥበሻውን ክዳን ትንሽ ጠንከር አድርጋ ከደነችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በተለመደው ሰዓት ስንደርስ ዳቦ የለም። ሻንጣውም በር ሥር የለም። አርበን ፊቱ አመድ መስሎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ጠዋት ሚስቱ ሥራ፣ እሱ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ አሮጊቷ የሉም። ኮስታ አንተ ነህ የደበቅካት ብሎ ሊያንቀው ደረሰ። ያኔ ሰዓዳ በሩን ከፍታ ገባችና ሁላችንንም በየተራ አየችን። አየር ማረፊያ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ አለች። ቲኬቱን እማማ በራሳቸው ገንዘብ እሷን አስገዝተዋታል፤ እዚህ በወንበር እየገፉ አውሮፕላን የሚያስገቡ ሠራተኞች አሉ፣ እዚያ ደግሞ ዘመድ በመኪና ይቀበላቸዋል።

አርበን በየት በኩል ነው የሄደችው አላት። ኮስታም እኩል ጠየቃት። ጋሽ ታደሰም ወደፊት ሳብ አሉ።

"በረዶው ቀጠሮ አይሰጥም" አለች ሰዓዳ። "እናታችሁን ማየት ከፈለጋችሁ እዚያ ናቸው።" ይህን ብላ ወደ ቤቷ ወጣች። እኔ ያን ቀን ከአስታራቂዎቹ ጋር ልቀመጥ ወይስ ከሚስቴ ጋር ልውጣ ሳላውቅ ቀረሁ፤ በጣም ነው ያፈርኩት።

ወንድማማቾቹ ከሥራ ፈቃድ ወስደው በማግስቱ ከኦስሎ ተነሱ፤ ኮስታ በግሪክ፣ አርበን በቲራና። ሳይነጋገሩ ሄዱ። ከተመለሱ በኋላ አብረው ቤቴ መጡ፤ ጋሽ ታደሰና ሐጂ ኑሩም ነበሩ። የለውዝ መርመላታ ይዘውልን፣ ስለደከማችሁልን ብለው አመሰገኑን። ጋሽ ታደሰ እርቅ እንደ ፍሬ ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ ይበስላል ብለው ምስጋናውን በሦስታችንም ስም ተቀበሉ። አልተቃወምኩም።

አርበን እንዳወራው፣ እሱ ከታች በኩል፣ ወንድሙ ከላይ በኩል ሲመጡ የናታቸው ደጃፍ ላይ ተገጣጠሙ። የጭስ ማውጫው ይጨሳል። እማማ ሶፊያ መስኮቱ አጠገብ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ እንዴት ነሽ እንኳን ሳይሉ፣ በአንድ አፍ፣ በየት በኩል ገባሽ አሏቸው።

"በቤቴ በር ነዋ" አሉ እማማ። "ይልቅ ጫማችሁን አውልቁ፣ አሁን ነው የጠረግኩት።"

አወለቁ። በረዶው ሳይወርድ ጣራውን አብረው ጠገኑ፤ አንዱ መሰላሉን ይዞ፣ አንዱ ሚስማር እየመታ፣ ጣራ ላይም ስለ መንደሯ እየተከራከሩ። ዛሬም ኮስታ ግሪክ ነው፣ አርበን አልባኒያዊ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አብረው ቁጭ ብለው እናታቸው ጋ ይደውላሉ።

እንግዶቹ ሲወጡ ዕቃውን እያነሳሳን ሰዓዳን ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። መቼም ቲኬቱን የገዛሽው አንቺ ነሽ፣ ለኔ ብቻ ንገሪኝ፣ በየት በኩል ነው የሄዱት?

"አንተ ካወቅህ ለጋሽ ታደሰ ትነግራቸዋለህ" አለች። "እሳቸው ካወቁ ለሐጂ ኑሩ ይነግሯቸዋል። ከዚያ ለቅዳሜ ቀጠሮ ትይዛላችሁ።"

እውነቷን ነው። ቅዳሜ ሥራ የለኝም ነበር።