ጉድጓድ ለኪው ጎረቤቴ

ሳይለካ የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ ገጥሞኛል። የቁሐር ሚካኤል ቀበሌው ጎረቤቴ አያ ሞላ የመንደሩን ጉድጓድ ውሃ ከፍታ በገመድ እየለካ በደብተር እንዲመዘግብ ከተመረጠ ወዲህ፣ ገመዱን ሳያወርድ ስለ ጎርፍ ትንፍሽ አይልም። ሰማዩ ቢጠቁር፣ እንቁራሪት ቢንጫጫ፣ ለእሱ ተራ ወሬ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ጎርፉ ደጃችን ሲደርስ እኔ ሩዜን ወደ ቆጥ አወጣለሁ፤ እሱ ገመዱን ይዞ ውሃው ውስጥ ይንቦጫረቃል።

«አንተ ሰው፣ ጥጃዋን ውሃ ሊወስዳት ነው!» ብላ ሚስቱ ጮኸች።

«ቆይ እንጂ፣ ሳልለካ ጎርፍ ነው ልበል?»

ጥጃዋን እኔና ሚስቱ ጎትተን አወጣናት። እሱ እስከ ደረቱ ርሶ፣ በጣም ተክዞ ተመለሰ። ከላስቲክ ውስጥ ደብተሩን አውጥቶ በጥንቃቄ ጻፈ፦ «ዛሬ ጉድጓዱ አልተገኘም።»